የሚተወውን መምረጥ፦ የበረራ ሲሙሌተርና የኮምፒውተሩ ታሪክ

ለበረራ ሲሙሌተር የሚሆን ኮምፒውተር ልግዛ ብሎ የተነሳ ሰው ጥያቄውን ብዙውን ጊዜ ባጭሩ ነው የሚያቀርበው፦ «የትኛው ይችለዋል?» ሻጩ ዋጋ ይጠራል፣ ጓደኛ ግራፊክስ ካርድ ይመክራል፣ ውጭ አገር ያለው ዘመድ ደግሞ «ሻንጣዬ ውስጥ የሚገባውን ንገረኝ» ይላል። ገንዘቡ ይወጣል፣ ማሽኑ ይመጣል፣ አውሮፕላኑ ከማኮብኮቢያው ሲነሳ ስክሪኑ መንተባተብ ይጀምራል። ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው?

ታሪኩን ወደ ኋላ ሄዶ ለሚያይ ሰው፣ «የሚችለው» ማሽን ተገኝቶ አያውቅም። ላለፉት ዘጠና ምናምን ዓመታት ሲሙሌተር የሠራ ሰው ሁሉ ሰማይን ምድርን ያህል ነገር ይዞ፣ ያንን የማይሸከም ማሽን ፊት ቆሟል። ሥራው የነበረው መምረጥ ነው፦ ምን ይታይ፣ ምን ይቅር። ዛሬ እኛ «ሴቲንግ» የምንለው ገጽ ላይ ወደ ግራና ቀኝ የምንጎትታቸው ነገሮች የዚያ ምርጫ ልጆች ናቸው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባሉ በስተቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ወናፍና ኦርጋን

ኤድ ሊንክ የሚባለው አሜሪካዊ አባቱ በኒውዮርክ ግዛት፣ ቢንግሃምተን ከተማ ውስጥ የፒያኖና የኦርጋን ፋብሪካ ነበራቸው። ልጁ በረራ ፈለገ፤ የበረራ ትምህርት ደግሞ ያኔም ውድ ነበር። ስለዚህ በ1920ዎቹ መጨረሻ ላይ በእጁ ያለውን ይዞ ሠራ። በእጁ የነበረው ምን ነበር? የኦርጋን ወናፍ፣ የአየር ቧንቧ፣ ቫልቭ። አጫጭር ክንፍ ያላት ትንሽ የእንጨት ጎጆ ሠርቶ ከሥሯ ወናፎቹን ደረደረ። ተማሪው መሪውን ሲገፋ አየር ወደ አንዱ ወናፍ ይገባል፣ ከሌላው ይወጣል፣ ጎጆዋም ትዘነብላለች። የመጀመሪያው «ሃርድዌር» እንግዲህ ይኸው ነው፤ ዜማ ለማውጣት የተሠራ ንፋስ።

መጀመሪያ ላይ ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረውም። የተሸጠውም በአብዛኛው ለመዝናኛ ስፍራዎች ነበር፤ ሰዎች ሳንቲም ከፍለው ይወዘወዙበታል። ነገሩን የለወጠው የ1934 ክረምት ነው። የአሜሪካ ጦር አየር ክፍል የፖስታ ማመላለሱን ሥራ ተረክቦ በደመናና በበረዶ ውስጥ መብረር ሲጀምር፣ በመለኪያ ብቻ መብረር ያልለመዱ አብራሪዎች በሳምንታት ውስጥ ይረግፉ ጀመር። ጦሩ በዚያው ዓመት 6 የሊንክ ማሠልጠኛዎችን እያንዳንዳቸውን በ3,500 ዶላር ገዛ። ከዚያ የዓለም ጦርነቱ መጣ፤ «ሰማያዊዋ ሣጥን» የሚል ቅጽል ያገኘችው መሣሪያ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ አየር ኃይሎችን አሠለጠነች።

ልብ በሉ፤ ሰማያዊዋ ሣጥን መስኮት አልነበራትም ማለት ይቻላል። ክዳኗ ይዘጋል፣ ተማሪው ውጭውን አያይም፣ መለኪያዎቹን ብቻ ያያል። ሊንክ ሰማይን፣ መንደርንና ወንዝን ማሳየት አይችልም ነበርና ተወው። በእነዚያ ወራት ሰው ሲገድል የነበረው ግን በደመና ውስጥ ውጭውን አለማየት ስለነበር፣ የተተወው ነገር ትምህርቱን አልጎዳውም። እንዲያውም ትምህርቱ እሱ ነበር። ሁሉም ምርጫ እንዲህ አይሰምርም።

ሲሙሌተር ፍለጋ ወጥተው ኮምፒውተር ያገኙ ሰዎች

በ1944 መጨረሻ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ለኤምአይቲ አንድ ሥራ ሰጠ። እስከዚያ ድረስ ለእያንዳንዱ የአውሮፕላን ዓይነት የየራሱ ማሠልጠኛ መሠራት ነበረበት። ባሕር ኃይሉ የፈለገው ግን ቁጥሮቹ ሲቀየሩ የሌላ አውሮፕላን ጠባይ የሚይዝ አንድ ማሽን ነበር። ሥራውን የያዘው ጄይ ፎሬስተር የሚባል ወጣት መሐንዲስ ነው።

ፎሬስተርና ባልደረቦቹ ሁለት ግድግዳ ገጠማቸው። አንደኛው ጊዜ ነው። በዚያን ዘመን ለሒሳብ ማሽን ጥያቄ ይሰጠዋል፣ መልሱ ሲደርስ ይደርሳል፣ ሰውየው ቡናውን እየጠጣ ይጠብቃል። አብራሪ ግን አይጠብቅም። መሪውን ዛሬ ገፍቶ መልሱ ነገ ቢመጣ አውሮፕላኑ ድሮ ተከስክሷል። ማሽኑ ከሕይወት ጋር እኩል መራመድ አለበት። ሁለተኛው ግድግዳ ማስታወሻ ነው፤ ቁጥሮቹን ፈጥኖ የሚሰጥና የማይረሳ ማከማቻ አልነበረም። ሲጠቀሙባቸው የነበሩት የማከማቻ ቲዩቦች ቶሎ ይበላሹ ስለነበር፣ ፎሬስተር ትንንሽ የማግኔት ቀለበቶችን በሽቦ ሰፍቶ ቁጥር የሚያስቀምጥበትን መላ አመጣ።

ዊርልዊንድ የተባለው ይህ ኮምፒውተር በ1951 ሥራ ጀመረ፤ የማግኔት ቀለበቱ ማስታወሻ በ1953 ገባበት። ከዚያ በኋላ ለሃያ ዓመት ገደማ የዓለም ኮምፒውተሮች ዋነኛ ማስታወሻ ሆኖ የቆየው ይኸው መላ ነው። ሲሙሌተሩስ? ሲሙሌተሩ ቀረ። ገና በ1948 ኮክፒቱ ተትቶ ነበር፤ ማሽኑ በመጨረሻ የዋለው ለአየር መከላከያ ሥራ ነው። ዛሬ «ለሲሙሌተር ስንት ጊጋ ራም ይበቃል?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ሳያውቀው የቤተሰብ ጥያቄ ነው የሚጠይቀው። ለተጠቃሚው በዚያው ቅጽበት መልስ የሚሰጥ ኮምፒውተርም፣ አስተማማኝ ማስታወሻም ለሲሙሌተር ከተጀመረ ሥራ የወጡ ናቸው።

ጠረጴዛ ላይ የወረደ ሰማይ

ብሩስ አርትዊክ በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የምህንድስና ተማሪ ነበር፤ አብራሪም ነበር። በ1975 ባቀረበው የማስተርስ ጽሑፉ ላይ፣ ያኔ ብቅ ማለት የጀመሩት ትንንሽ ማይክሮፕሮሰሰሮች የሚንቀሳቀስ የበረራ እይታ መሳል እንደሚችሉ አሳየ። ቀጥሎ ሰብሎጂክ የተባለውን ድርጅት አቋቋመ፤ በ1980 መባቻ ላይ «ፍላይት ሲሙሌተር» ለአፕል 2 ኮምፒውተር ወጣ።

ምን ነበር የሚታየው? መስመር። መሬቱ 6 በ6 የሆነ የካሬ መረብ ነው፤ ተራሮቹ ጥቂት ሦስት ማዕዘኖች ናቸው። የስክሪኑ ታችኛው ክፍል በመለኪያዎች ተሞልቷል። ይህ ለማስመሰል ብቻ አልነበረም፤ በየጊዜው እንደገና የሚሳለው ቦታ በጠበበ ቁጥር ማሽኑ እፎይ ይላል። ሥዕሉ በሰከንድ የሚቀያየረው ጥቂት ጊዜ ብቻ ነበር። ሰዉ ግን ወደደው! ምክንያቱም መሪውን ሲያዞር አድማሱ ይዘነብላል። አርትዊክ ቤቱን፣ ዛፉን፣ ቀለሙን ትቶ ያንን አንድ ነገር ያዘ፤ የአድማሱን መዘንበል።

በ1982 መጨረሻ ማይክሮሶፍት ሥራውን በፈቃድ ወስዶ ለአይቢኤም ፒሲ አወጣው። ያ ማሽን በ4.77 ሜጋኸርዝ የሚሠራ ፕሮሰሰር ነበረው፤ ሲሙሌተሩ የሚጠይቀው ማስታወሻ ደግሞ 64 ኪሎባይት ነው። ዛሬ ስልካችን የሚያነሳት አንዲት ፎቶ ከዚያ በብዙ እጥፍ ትበልጣለች።

ከዚያ ደስ የሚል ነገር መጣ። ሌሎች ፋብሪካዎች የአይቢኤምን ማሽን እየቀዱ በርካሽ መሸጥ ጀመሩ፤ ሁሉም «የኔ ልክ እንደ አይቢኤም ነው» ይላል። ገዢው እንዴት ይመን? ሁለት ፕሮግራሞች መፈተኛ ሆኑ፦ የሒሳብ ሠንጠረዡ ሎተስ 1-2-3 እና ፍላይት ሲሙሌተር። ሲሙሌተሩ ፍጥነት ለማግኘት ሲል በመሐል ያለውን ሶፍትዌር እየዘለለ ሃርድዌሩን በቀጥታ ይነካ ስለነበር፣ ቅጂው ትንሽ እንኳ ከዋናው ከተለየ ይጋለጣል። ዛሬ ለሲሙሌተሩ ብለን ኮምፒውተር እንመርጣለን፤ ያኔ ኮምፒውተሩን የሚመርጥልን ሲሙሌተሩ ነበር።

የዚያ ሲሙሌተር መነሻ ቺካጎ ሐይቅ ዳር ያለችው ሜግስ ፊልድ የተባለች ትንሽ አውሮፕላን ማረፊያ ነበረች። ቺካጎን ረግጦ የማያውቅ ስንት ሰው ማኮብኮቢያዋን በልቡ ያውቃታል! መጋቢት 2003 ላይ የከተማዋ ከንቲባ በሌሊት ቡልዶዘር ልከው ማኮብኮቢያዋን አስቆፈሩት፤ ሜዳዋ በዚያው ተዘጋች። በዚያው ዓመት የወጣው የማይክሮሶፍት ሲሙሌተር ውስጥ ግን ሜግስ ፊልድ ነበረች። መሬት ላይ የሌለች ሜዳ ስክሪን ላይ ቀረች።

ያልመጣው ፕሮሰሰር

የሃርድዌር ምርጫን ታሪክ በአንድ ምሳሌ አስረዳ ብባል የምመርጠው በ2006 የወጣውን ኤፍኤስኤክስ ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት ፕሮሰሰሮች በየዓመቱ ፍጥነታቸው ይጨምር ነበር። ሲሙሌተር ሠሪዎችም ለዛሬው ማሽን ሳይሆን ለሚመጣው ያልሙ ነበር። «አሁን ቢንተባተብም ከሁለት ዓመት በኋላ በሚወጣው ኮምፒውተር ይበራል» ይባላል፤ ይሆንም ነበር።

በ2004 ግን ኢንቴል 4 ጊጋኸርዝ ሊደርስ የታሰበውን ፔንቲየም 4 ሰረዘው። ሙቀቱና የሚበላው ኃይል ከመጠን አልፎ ነበር። ኩባንያዎቹ ፊታቸውን አዞሩና አንድ ፈጣን ፕሮሰሰር በመሥራት ፈንታ በአንድ ቺፕ ላይ ሁለት፣ አራት፣ ስምንት ኮር መደርደር ጀመሩ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር አይደል? ችግሩ፣ ኤፍኤስኤክስ ድሩን ማበር አልተማረም ነበር። ዋናው ሥራው በአንድ ክር ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ ሌሎቹ ኮሮች ቆመው ያያሉ። በ2007 የመጣው ማሻሻያ የተወሰነውን ሸክም አካፈለ፤ ዋናው ጉዳይ ግን አልተፈታም።

ከዚህ የተነሳ ለዓመታት የተምታታ ገበያ ተፈጠረ። ሰዎች ስምንት ኮር ገዝተው ከባለ አራቱ ያነሰ ፍጥነት አገኙ። ውድ ግራፊክስ ካርድ ጨምረው ምንም ለውጥ አላዩም። በጽሑፍ የተቀመጠውን የሴቲንግ ፋይል ከፍተው በየመስመሩ ቁጥር እየቀያየሩ እንቅልፍ አጡ። በላዩ ላይ ፕሮግራሙ ባለ 32 ቢት ስለነበር ከ4 ጊጋባይት በላይ ማስታወሻ መያዝ አይችልም፤ 16 ጊጋ ራም ገዝተህ እንኳ ረጅም በረራ ጨርሰህ ልታርፍ ስትል «ማስታወሻ አልቋል» ብሎ ይዘጋል። ማይክሮሶፍት በ2009 መጀመሪያ ላይ የሠሪዎቹን ስቱዲዮ ዘጋ። ኤክስ-ፕሌን የተባለው ተፎካካሪ በ2013፣ ሎክሂድ ማርቲን ከማይክሮሶፍት ፈቃድ ወስዶ የቀጠለው ፕሪፔርድ ደግሞ በ2017 ወደ 64 ቢት ተሻገሩ።

የዚህ ዘመን ትምህርት ዛሬም ይሠራል። ማሽን ሲገዛ «ትልቁ ቁጥር ያለው» አይበቃም፤ የምትጠቀምበት ፕሮግራም የትኛውን ክፍል እንደሚያደክም ማወቅ ይቀድማል። በ2022 ኤኤምዲ ራይዘን 7 5800ኤክስ3ዲ የተባለውን ፕሮሰሰር ሲያወጣ ፍጥነቱ ከወንድሙ ከ5800ኤክስ ትንሽ ዝቅ ያለ ነበር፤ ነገር ግን ካሽ ተደርቦበት ከኮሮቹ አጠገብ ያለው በጠቅላላው 96 ሜጋባይት ደርሷል። ለሲሙሌተር የተሻለው ይህ ሆነ። ሲሙሌተር ብዙ የተበታተነ መረጃ ደጋግሞ ይጠይቃል፤ መረጃው እቅፉ ውስጥ ያለ ፕሮሰሰር በየጊዜው ወደ ራም አይሮጥም።

ምድር ሁሉ፣ በኢንተርኔት

ነሐሴ 2020 ላይ የወጣው የማይክሮሶፍት ሲሙሌተር ነገሩን ሌላ ቦታ ወሰደው። ፈረንሳዊው አሶቦ ስቱዲዮ የሠራው ይህ ሲሙሌተር የምድርን ገጽታ ከሳተላይትና ከአየር ፎቶ ያመጣል፤ መረጃው ከ2 ፔታባይት በላይ ነው፣ ማለትም ከ2 ሚሊዮን ጊጋባይት። ይህን የሚይዝ ዲስክ ማን ቤት አለ? ስለዚህ የምትበርበት አካባቢ ብቻ እየተቆረሰ በኢንተርኔት ይመጣል።

የተጠየቀው ዝቅተኛ ማሽን 8 ጊጋ ራም፣ 2 ጊጋ ማስታወሻ ያለው ግራፊክስ ካርድ፣ 150 ጊጋ የዲስክ ቦታ ነበር። ከዝርዝሩ ውስጥ ግን አዲስ እንግዳ ተቀመጠ፦ የኢንተርኔት ፍጥነት። ቢያንስ 5 ሜጋቢት፣ ለምርጡ 50 ሜጋቢት በሰከንድ። ከዚህ በኋላ ሃርድዌሩ ጠረጴዛህ ላይ ያለው ብቻ አይደለም፤ ሌላ አገር ያለ ሰርቨርና መሐል ያለው መስመር ጭምር ነው። በኅዳር 2024 ተከታዩ እትም በወጣ ቀን ሰርቨሮቹ ተጨናንቀው ብዙ ሰው፣ ምርጥ ማሽን ያለውም ጭምር፣ ከመጫኛው ገጽ አላለፈም።

ኢንተርኔት በጥቅል ለሚገዛበት፣ መብራት ለሚጠፋበት ቤት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ገንዘብ ከመዝራት በፊት ቅደም ተከተሉን ማሰብ ይሻላል። መብራት በድንገት ሲሄድ ማሽኑን የሚያቆይ ዩፒኤስ ከካርዱ ማሻሻያ ይቀድማል። ሲሙሌተሩ በመደበኛ ሃርድ ዲስክ ሳይሆን በኤስኤስዲ ላይ ይጫን። የ2020ው እትም የወረደውን መልክዓ ምድር በዲስክ ላይ የሚያስቀምጥ ካሽ አለውና ደጋግመህ የምትበርበትን አካባቢ ቦታ ሰጥተህ አስቀምጠው፤ ጥቅሉ ሲያልቅ የኢንተርኔቱን መልክዓ ምድር አጥፍተህ ባለህ መብረር ትችላለህ። ራም 16 ጊጋ ያስኬዳል፣ 32 ያሳርፋል።

ሴቲንጉን በተመለከተ፣ መጀመሪያ የሚደክመው ማን እንደሆነ ይጣራ። መንገዱ ቀላል ነው። የስክሪኑን ጥራት በጣም ዝቅ አድርግ። ፍሬሙ ከጨመረ ሸክሙ የግራፊክስ ካርዱ ነበር፤ ምንም ካልጨመረ ፕሮሰሰሩ ነው። የፕሮሰሰር ድካም ከሆነ የመሬቱን ዝርዝር ርቀት፣ የአየርና የመኪና ትራፊኩን፣ የኮክፒት ስክሪኖቹን የመታደስ ፍጥነት ቀንስ። የካርድ ድካም ከሆነ ደመናውን፣ ጥላውንና ጥራቱን ቀንስ። ሁሉንም በአንድ ጊዜ የነካ ሰው የትኛው እንደረዳው አያውቅም፤ አንድ በአንድ ነው። ሌላው ደግሞ 60 ፍሬም ማሳደድ አያስፈልግም። አውሮፕላን ተኩስ ጨዋታ አይደለም፤ በ30 የረጋ ከ60 ወደ 20 ከሚወድቅ ይሻላል። የሚያሳርፍህ የማይዘል አድማስ ነው። አርትዊክም በ1980 ያዳነው እሱን ነበር።

የተተወው ነገር ሲያስከፍል

እስካሁን የተተወው ነገር ዛፍና ደመና ነበር። ይህ ታሪክ ግን በዚያ አያልቅም፤ ለእኛ አገር በተለይ አያልቅም።

እሁድ መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ38 ላይ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 302 ከቦሌ ተነሳ። ከስድስት ደቂቃ በኋላ ቢሾፍቱ አካባቢ ወደቀ፤ 157 ሰው አለቀ። አውሮፕላኑ ቦይንግ 737 ማክስ 8 ነበር። ኤምካስ የተባለው ሥርዓት ከአንድ ዳሳሽ የተሳሳተ መረጃ ተቀብሎ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ደጋግሞ ወደ ታች ገፋ። አምስት ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ኢንዶኔዥያ ላይ በተመሳሳይ ምክንያት 189 ሰው ሞቶ ነበር።

የአደጋው መንስኤ ሲሙሌተር አልነበረም። ግን ሲሙሌተር በታሪኩ ውስጥ ሁለት ጊዜ ይገባል። አንደኛ፣ ከቀድሞው 737 ወደ ማክስ የሚሸጋገሩ አብራሪዎች የሲሙሌተር ሥልጠና እንዲወስዱ አይጠየቅም ነበር፤ በኮምፒውተር የሚሰጥ አጭር ኮርስ ይበቃል ተብሎ ነበር። ሁለተኛ፣ አየር መንገዳችን ዘመናዊ የማክስ ሲሙሌተር ነበረው። በግንቦት 2019 ግን ቦይንግ የማክስ ሲሙሌተሮች ሶፍትዌር አንዳንድ የበረራ ሁኔታዎችን ማስመሰል እንደማይችል አምኖ ማስተካከያ እንዳደረገ ገለጸ። ጉዳዩ በከፍተኛ ፍጥነት ላይ የጭራውን ክንፍ በእጅ የሚያስተካክለውን መዘውር ይመለከታል፤ መዘውሩ በእውነቱ አውሮፕላን ላይ እጅግ ይከብዳል፣ በሲሙሌተሩ ላይ ግን ያን ያህል አይከብድም ነበር። የመጀመሪያ ደረጃው የምርመራ ሪፖርት እንደሚያሳየው የበረራ 302 ረዳት አብራሪ በእጅ ለማስተካከል ሞክሮ እንዳልሠራ ተናግሯል።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ሙሉ ተንቀሳቃሹ ሲሙሌተር የሚገባበት ክፍል፣ ዙሪያ የሚታየው ሥዕል፣ የሚያወጣው ሚሊዮን ዶላር ሁሉ ተሟልቶ ነበር። የጎደለው የአንድ መዘውር ክብደት ነው። የሰው ክንድ ሊያውቀው የሚገባውን ነገር አንድ ቦታ ላይ አንድ ሰው ወይም አንድ ስሌት ተወው፤ የተተወ መሆኑን ደግሞ ወንበሩ ላይ የሚቀመጠው አብራሪ አያውቅም። ሊንክ መስኮቱን ሲዘጋ ተማሪው መስኮት እንደሌለ ያያል። አርትዊክ ዛፍ ሲተው ተጫዋቹ ዛፍ እንደሌለ ያያል። የዚህኛው መተው ግን በዓይን አይታይም።

ማክስ ወደ አየር እንዲመለስ በኅዳር 2020 የአሜሪካ አቪዬሽን መሥሪያ ቤት ሲፈቅድ፣ አብራሪዎች በሲሙሌተር እንዲሠለጥኑ ግዴታ ሆነ። ቦይንግም ራሱ በዚያው ዓመት መጀመሪያ ላይ ይኸው እንዲደረግ መክሮ ነበር። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ ለጊዜና ለወጪ ሲባል የተዘለለው ሥልጠና በስተመጨረሻ ተመልሶ መጣ፤ ከ346 ሰዎች ሞት በኋላ።

ለቤቱ ሲሙሌተር ኮምፒውተር የሚገዛው ወጣት የዚህን ያህል ዕዳ የለበትም። ደመናውን ቢቀንስ ማንም አይጎዳም። ነገር ግን ከነዚህ ልጆች አንዳንዶቹ ነገ ቦሌ ማሠልጠኛ ይገባሉ፤ አንዳንዶቹም ፕሮግራም ጸሐፊ ሆነው ሌላ ሰው የሚሠለጥንበትን ማሽን ይሠራሉ። ሴቲንጉን አንድ በአንድ እያወረደ «ይህን ስቀንስ ምን አጣሁ?» ብሎ የሚመዘግብ ልጅ ለዚያ ሥራ ከሚያስፈልገው ልማድ አንዱን ከወዲሁ ጀምሮታል። ማሽኑን ሲገዛ «የትኛው ይችለዋል?» ማለቱ አይቀርም፤ ከገዛ በኋላ ግን «ይሄ ማሽን ምን ትቷል?» ብሎ ይጠይቅ፤ መልሱንም በጽሑፍ ይያዘው።